የተዘቀዘቀው ጃንጥላ

ይበልጣል፣ ዓይናለም በሚባለው ሥፍራ ካሉት የመቐለ የውኃ ጉድጓዶች በአንዱ ላይ የፓምፕ ሠራተኛ ነው። ተወልዶ ያደገው ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ሲሆን መቐለ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር አልተለወጠም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ሓወልቲ ያለው ሰፈሩ ውኃ ያጣል፤ ሰፈሩ ውኃ ሲያጣ ደግሞ ባዶ ጄሪካን ያንጠለጠለ ሁሉ ቧንቧውን ሄዶ በእጁ የዘጋው ይመስል ይበልጣልን በክፉ ዓይን ያየዋል። የራሱ ቤት ቧንቧ እንኳ ፉጨት ብቻ ሲያሰማ ሚስቱ ሰርካዲስ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ሳቂታ ሰው ነው። የማይስቀው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በሃይማኖቱና በልጁ።

ልጁ ዳግማዊት አንዲት ለእናቷ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከአባቷ ጋር በአማርኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር በትግርኛ፣ ከእናቷ ጋር ደግሞ አንዱን ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች። ትምህርቱ በትግርኛ ስለሆነ ደብተሯም በትግርኛ የተጻፈ ነው። ይበልጣል ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሮቿን አንድ በአንድ እያገላበጠ ማየቱን አልተወም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ይወዳል፤ የውኃ ሠራተኛ ስለሆነ ተረቱ ለሱ ብቻ የተተረተ ይመስለዋል።

የይበልጣል ትግርኛ የገበያ ትግርኛ ነው። ቲማቲም ይገዛል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያጽናናል። ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ፊደሉ ያው የሚያውቀው ፊደል ስለሆነ፣ ያነበበውን ሁሉ የተረዳው ይመስለዋል። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጊዜው መጋቢት 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሰርካዲስ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ አዲግራት ከሄደች ሳምንቷ ነው። እሷ ብትኖር ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ሳቅ ትጨርሰው ነበር፤ ግን አልነበረችም። አባትና ልጅ ሽሯቸውን እየሠሩ፣ አንዳንዴም እያሳረሩ፣ በሰላም ይኖሩ ነበር።

እሑድ ይበልጣል የሳይንስ ደብተሯን ሲገልጥ፣ አንድ ገጽ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ርእስ አየ። «ጉጅለ ተሓደስቲ» ይላል።

እንግዲህ ጉጅለ በትግርኛ ቡድን ማለት ነው፤ አራት ልጆች ኳስ ለመጫወት ቢሰባሰቡም ጉጅለ ናቸው። ይበልጣል በልጅነቱ ከሬዲዮ የሰማው ግን ጉጅሌን ነበር፤ ጉጅሌ ደግሞ ጫካ የገባ ሽፍታ፣ ለተንኮል የተሰባሰበ ማለት ነው። ተሓደስቲ የሚለውን ሲያይማ ደሙ ቀዘቀዘ። ተሐድሶ ለይበልጣል አንድ ነገር ብቻ ነው። ካህናቱ በዐውደ ምሕረት ቆመው «ልጆቻችሁን ጠብቁ» የሚሉለት፣ የቤተ ክርስቲያንን ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያንን ላድስ ብሎ የሚመጣው ነው። ይበልጣል የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ባለፈው ወር ማስጠንቀቂያውን ለምእመናን ያነበበው እሱ ራሱ ነበር።

ከርእሱ ሥር የስም ዝርዝር አለ። መሪ፣ መምህርት ትምኒት። ቀጥሎ የልጆቹ ስም፣ በእያንዳንዱ አጠገብም አንድ ቃል ተጽፏል። አንዷ ንፋስ፣ አንዷ ማይ፣ ማለትም ውኃ፣ አንዷ ዒባ። ዳግማዊት ጸሓይ ናት። ይበልጣል መቐለ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ የድሮ ታጋዮች የሜዳ ስም እንደነበራቸው ሳይሰማ አልቀረም። ልጁ የሜዳ ስም ወጥቶላታል ማለት ነው። ዒባ እበት መሆኑን ቢያውቅም፣ ለምን አንዷን ልጅ እበት እንዳሏት አልጠየቀም። ሰው ከፈራ ወዲያ ሁሉም ነገር ልክ ይመጣለታል።

ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ጽላል፦ ዳግማዊት» የሚል ነበር። ጽላል ጃንጥላ መሆኑን ያውቃል። ተነሥቶ ከበሩ ኋላ አየ። ለንግሥ የሚይዘው ትልቁ ጥቁር ጃንጥላ ከሚስማሩ ላይ የለም።

እራት ላይ እንደ ዘበት አድርጎ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የምትቆይበትን ጉዳይ ጠየቃት። ዳግማዊት ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ዓይኗ በራ። ቡድን ማቋቋማቸውን፣ አራቱም ሴቶች መሆናቸውን፣ መምህርት ትምኒት እንደምትመራቸው እየተቻኮለች ነገረችው። ምን እንደምታስተምራቸው ሲጠይቃት ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ፦

«አሮጌው እያለቀ ነው ባባ፤ አንተም ታውቀዋለህ። አዲሱ ግን አያልቅም። እኛ ወደማያልቀው መዞር አለብን» አለችው። የቀረውን እስከ ዓርብ አልነግርህም፣ ምስጢር ነው ብላም በጣቷ ከንፈሯን ዘጋች።

እዚህ ላይ ሌላ አባት ቢሆን፣ ልጄ አሮጌው የምትይው ምኑ ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ነገርን ከሥሩ የሚለው ይበልጣል ግን አልጠየቀም። መልሱን ፈራ። ሰኞና ማክሰኞ ፓምፑ ሲያጉረመርም እሱም አብሮ ሲያጉረመርም ዋለ። ሰርካዲስ ጋር ሊደውል ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ፣ አራስ ቤት ያለችን ሴት አላስደነግጥም ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረመስቀል መጣ። ገብረመስቀል ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የሰፈሩ ሰው፣ በሰበካ ጉባኤም የይበልጣል ባልደረባ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ያየውን ሁሉ ቃለ ጉባኤ ካልያዘበት ግን እንቅልፍ አይወስደውም።

«ይበልጣል ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ከኔ ሰማሁ ግን አትበል» ብሎ ጀመረ። ዳግማዊትን ሓወልቲ ካሉት ካፌዎች ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ስትገባ አይቷታል፤ ከአስተናጋጆቹ ጋር ታወራለች፤ እነሱም የሆነ ነገር እየቋጠሩ ይሰጧታል። ከዚያ ፀሐይ ወደሚያገኘው ሜዳ ሄዳ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ፣ ዘቅዝቃ ይዛ ቆመች። አላፊ አግዳሚውም ሳንቲም ይወረውራል። ገብረመስቀል ቀርቦ ለየትኛው ደብር እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አብራት ያለችው ልጅ «ንተሓደስቲ» ብላ መለሰችለት፤ ለተሓደስቲ ማለቷ ነው።

የተዘቀዘቀ ጃንጥላ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ጣሪያ ሲጎድል፣ ደወል ሲሰነጠቅ፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይዘቀዘቃል፤ መንገደኛውም ለየትኛው ነው ሳይል ያለውን ጣል አድርጎ፣ አማትቦ ያልፋል። ለዚህ ግን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ላይ ከሚፈርሙት አንዱ ይበልጣል ነው። የገዛ ልጁ በገዛ ጃንጥላው ለማይፈርምለት ነገር ስትለምን ታየው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እሱ ብቻ መቅረቱን አሰበና ጆሮው ጋለ።

ገብረመስቀል ከሄደ በኋላ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠ። ዳግማዊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጃንጥላውን በብብቷ ይዛ፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ እየዘፈነች ገባች። ተከትሏት ሳሎን ገባና ተቀብሏት ከፈተው። ሳንቲም ቅጭል ቅጭል እያለ መሬት ላይ ተበተነ። ውስጡ ዙሪያውን ብርማ ወረቀት ተለጥፎበት እንደ ንግሥ ጃንጥላ ያብለጨልጫል።

«ይኼን ሳንቲም ማን ሰጠሽ?»

«ሰዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ወረወሩብኝ» አለችና ሳቀች። «ለቤተ ክርስቲያን መስሏቸው እኮ ነው ባባ።»

የሳቀችው ነገሩ ስለሚያስቅ ነበር። ይበልጣል ግን ከሳቋ በቀር ሌላ አልታየውም። ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ተጫነው፤ ዘንጉ ለሁለት ተቆረጠ፣ ሽቦዎቹ ተጣመሙ፣ ብርማው ወረቀት ተተረተረ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ጉጅሌ አጠገብ ድርሽ እንዳትይ አላት።

«ትምህርት እኮ ነው» አለች ዳግማዊት በቀስታ።

«እነሱም ትምህርት ነው የሚሉት።»

አላለቀሰችም። ተንበርክካ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ የተሰበረውን ዘንግም ለቀመች። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና «እንዳሉ ይሁን» አለችው።

እንዳሉ። እንዳልክ አላለችም። አፍ ከፈታች ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ ናት፤ ባባ፣ አንተ ደግሞ፣ ተው እንጂ፣ ና እስቲ እያለች። እርስዎ የምትለው የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርና የንስሐ አባታቸውን ነው። ይበልጣል መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለው። ማታ «እራት ይበላሉ?» ጠዋት ደግሞ «ቁልፉን ይዘው ነው የሚሄዱት?» ስትለው ግን አለመሳሳቷን አወቀ። ብትሰድበው ይቆጣት ነበር፤ ብታኮርፈው ያባብላት ነበር። ማክበሯን ግን ምን ያድርገው? እንግዳ አደረገችው፤ ያውም በገዛ ቤቱ።

ጥፋተኛው ግን መገኘት ነበረበት፤ ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ንግግሩን አሰናዳ። የሕፃን ልጅ እምነት ከሚለው ጀምሮ፣ ሕግ አለ በሚለው ያልፍና፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ በሚለው ይደመደማል። መምህርት ትምኒትን ያገኛት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ የነፋስ መዘውር በገመድ ስትሰቅል ነው። ወጣት ናት፤ ጋውኗ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። ስታየው ደስ ብሏት ወረደች።

«የዳግማዊት አባት አይደሉም? እኔ ራሴ ልጠራዎት ነበርኩ። ደሕና ነዎት? ቤተሰቡ ደሕና?»

ይበልጣል ሰላምታውን እንደ ነገሩ መለሰና፣ ልጁን ከእነሱ ተሐድሶ እንዳወጣት ነገራት። ትምኒት ፊቷ ተለወጠ። «ውይ፣ እንታይ ኮይና? ምን ሆና? ነገ ዓርብ እኮ ነው። ጸሓይን ማን ሊይዝልን ነው?» አለችው። እሱም የድብቅ ስማችሁንም ደርሰንበታል አላት። ትምኒት ምናልባት ፀሐይ መትቶት ይሆን ብላ ሳታስብ አልቀረችም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ወሰደችው።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል «ዝውድኡ» ይላል፤ የሚያልቁ ማለት ነው። ከሥሩ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የድንጋይ ከሰል ተሥሏል። በቀኝ በኩል «ተሓደስቲ» ይላል። ከሥሩ ፀሐይ አለች፤ አሸጎዳ ላይ እንደተተከሉት ያሉ ረጃጅም ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች አሉ፤ ፏፏቴ አለ፤ አንዲት ላምና ከኋላዋ እበት አለ፤ ከእበቱ ቧንቧ ወጥቶ ምድጃ ውስጥ ይገባል።

«ተሓደስቲ ማለት በኣማርኛ… ታዳሽ ነው የምትሉት? ታዳሽ ኃይል» አለች ትምኒት።

ታዳሽ ኃይል። ይበልጣል ከሁለት ዓመት በፊት በታዳሽ ኃይል ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጃንጥላውን የሰበረው ልክ ከሥሩ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ካለው የተማሪ መቀመጫ ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ድረስ ቁጭ አለ። ያሰናዳው ንግግር ከነመደምደሚያው ጠፋበት።

ከወረቀቱ ግርጌ ሌላ ሥዕል አለ። አንድ ፓምፕ፣ አጠገቡ ራሰ በራ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ጄሪካን የያዙ ሴቶች። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ሰውየው እጁን ዘርግቷል። ራሰ በራውን ሰው ይበልጣል ወዲያው አወቀው። ትምኒት የሚያየውን አይታ፣ አራቱ ልጆች ርእስ ሲካፈሉ ዳግማዊት ጸሓይን ካልሰጣችሁኝ ብላ እንደተጣላች ነገረችው።

«ለምን አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹መብራት ሲጠፋ ሰው ኣቦይን ይቆጣል፤ ጸሓይ ግን አትጠፋም፤ ሳድግ ፓምፑን በጸሓይ አሠራለታለሁ› አለችኝ» አለች ትምኒት እየሳቀች። ለጊዜው ግን በጃንጥላ ድንች እቀቅላለሁ ብላ ነው የጀመረችው። ብርማ ወረቀቱን ከየካፌው ከሲጋራ ፓኮ ለቅማ፣ ብርሃኑን መሐል ላይ እንዲሰበስብ አድርጋ ለጥፋዋለች። በእንቁላል ሊሆን ነበር፤ ጾም ስለሆነ የዓርቡ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ዳኞች እንዲቀምሱት በድንች ተለወጠ። «ታድያ ጽላሉ የት አለ? ለምን አላመጣችውም ዛሬ?»

«ተሰበረ» አለ ይበልጣል።

ተሰበረ። ራሱ ወድቆ እንደተሰበረ ብርጭቆ። ትምኒት እንዴት ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም ማን ሰበረው የሚለውን ሳይናገር ተነሣ። ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ በራሱ አፈረ፤ መጀመሪያ ስለጠረጠራት፣ ከዚያ ስለሰበረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሁን ተሰበረ ስላለ።

የሰበረውን ግን መጠገን ያውቃል። የጃንጥላውን ስብርባሪ ከቤት አንሥቶ ዓይናለም ወሰደውና፣ ፓምፑ በሰላም ሲያጉረመርም እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲታገል ዋለ። ከስምንቱ ሽቦ አራቱ ተጣሞ ነበር፤ አቃናው፣ በቀጭን ሽቦም ጠፈረው። ለተቆረጠው ዘንግ ምትክ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ገጠመለት። የቀረው ብርማው ወረቀት ነው። ይህን በጉጠት የሚያወጡት ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሓወልቲ ወርዶ ካፌ ለካፌ እየገባ የባዶ ሲጋራ ፓኮ ይለምን ጀመር። ሦስተኛው ካፌ ያለው አስተናጋጅ በደንብ ያውቀዋል። «አቶ ይበልጣል፣ በዐቢይ ጾም ሲጋራ ጀመሩ እንዴ?» አለው። ወጪ ገቢው ዞር ዞር ብሎ አየው። ልጁ በዚህ ሁሉ ዓይን መሐል እንዴት እንዳለፈች ያን ጊዜ ገባው።

ዳግማዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠገነውን ጃንጥላ ፊቷ አስቀመጠላት። አገላብጣ አየችው፤ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቷ ነካች፤ አዲሶቹን ወረቀቶች ለስለስ አድርጋ ዳበሰች። ይበልጣል ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከሙ» አለችው።

ደከሙ። የሰው ልጅ እንዴት በአንዲት ፊደል እንደሚገደል ይበልጣል በዚያ ሳምንት ተማረ። ይቅር በይኝ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን አባቱ ለሱ እንዲህ ብሎት አያውቅም፣ አያቱም ለአባቱ፤ ቃሉ ከየት ይምጣ? ቧንቧው ትንሽ ይከብዳል ብቻ ብሏት ተወው።

ዓርብ ተረኛነቱን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ ከእኩለ ቀን በፊት ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ኤግዚቢሽኑ ግቢው ውስጥ ነው። የነፋሷ ልጅ መዘውሯን አስቀምጣ ንፋስ ጠፍቶባት በአፏ ታሽከረክራለች፤ የዒባዋ ልጅ ጄሪካኗን ከፍታ ሰዉን ታሸሻለች። ዳግማዊት ጃንጥላዋን በድንጋይ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተክላ፣ በጥላሸት የጠቆረች ትንሽ ድስት መሐሉ ላይ አድርጋ፣ አራት ድንችና ትንሽ ውኃ ጨምራ ከደነች። መጋቢት ላይ የመቐለ ፀሐይ ቀትር ሲሆን አናት ላይ ናት፤ ጃንጥላው ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።

የተፈራው አልቀረም፤ የይበልጣል ቧንቧ ከበደና ቆርቆሮው ተንጋደደ። ዳግማዊት ይዛ ልታቃናው ሞከረች፤ እጇ ዛለ። ድስቷ ልትገለበጥ ስትል ከሕዝቡ መሐል አንድ እጅ ተዘርግቶ ቧንቧውን ጨበጠ። የአባቷ ነው።

«እኔ ልያዘው» አላት።

ትንሽ አሰበች። «ወደ ፀሐይ ብቻ ያዙት። ስትዞር አብረው ይዙሩ» አለችው፤ ማስረዳቷንም ቀጠለች።

እንዲህ ሆኖ የሰበካ ጉባኤው አባል ይበልጣል የተዘቀዘቀ ጃንጥላ ይዞ በወላጅ ሁሉ ፊት ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ራሰ በራው በላብ አበራ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ብር ፈትተው ጃንጥላው ውስጥ ጣል አደረጉና አማትበው ሄዱ። ዳግማዊት ብሩ ሳይቃጠል በማንኪያ አወጣችው። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ የመጣ መሰለው፤ ተመልሶ ጠፋ።

አቶ ገብረመስቀልም መጣ። የወላጅ ኮሚቴ አባል ነው፤ ኮሚቴ ሲባል የሚቀርበት የለም። ጃንጥላውን አየ፤ ጃንጥላውን የያዘውን አየ፤ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ይበልጣል ሓወይ» አለ በዝግታ። «አንተም?»

ይበልጣል ቀልዶ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ለቀልድ አያንስም። ግን ዳግማዊት ማስረዳቷን አቁማ ዞራ አየችው። እጁን ከቧንቧው ሳያነሣ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«ስማኝ ገብረመስቀል። ተሓደስቲ ማለት ታዳሽ ኃይል ነው። ፀሐይ ነው፣ ነፋስ ነው። ልጄ የሠራችው ድንች መቀቀያ ነው። እኔ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ጠረጠርኳት፤ ጃንጥላዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰበርኩት። ትናንት መምህርቷን ተሰበረ ብያት ነበር፤ ውሸቴን ነው፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ። በድዬሻለሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።»

የመጨረሻውን ያለው ወደሷ ዞሮ ነው። በዞረ ጊዜ ጃንጥላውም አብሮት ዞረ፤ ዳግማዊት ፈጥና ይዛ ወደ ፀሐይ መለሰችው።

ገብረመስቀል አንገቱን አስግጎ ጃንጥላው ውስጥ ተመለከተ። ድስቷ ክዳኗን እያንቀጫቀጨች ነበር። «ታድያ እኔ ረቡዕ ያየሁት ምንድን ነው?» አለ።

«ድንች» አለች ዳግማዊት።

«ሳንቲሙስ?»

«ትናንት ጠዋት ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነው የሰጡት።»

ገብረመስቀል ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ። ነገሩን ለሦስት ሰው ነግሮ እንደነበር አመነ፤ ከዚያ ምናልባት አራት ይሆናሉ አለ፤ ዛሬውኑ ዞሬ አስተካክላለሁ ብሎም ቃል ገባ። ወሬ ለማዳረስም ሆነ ለመመለስ ከሱ የተሻለ እግር በሰፈሩ የለም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዳኞቹ መጡ። ትምኒት ክዳኑን አነሣች፤ እንፋሎቱ ቦለል ብሎ ወጣ፤ ሹካው ድንቹ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። አንደኛ የወጣችው የነፋሷ ልጅ ናት፤ ልክ ዳኞቹ ሲቀርቡ ነፋስ መጣላት። ዳግማዊት ሁለተኛ ሆና አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለመች። ልጆቹ ተሻምተው ሦስቱን ድንች ጨረሱት። አራተኛውን ዳግማዊት ድስቷ ውስጥ መልሳ፣ ከድና፣ ጃንጥላው መሐል አስቀመጠችው። አንድ ልጅ ሊያነሣው ሲል እጁን መታችው።

ይበልጣል አላስተዋለም። ሰው ሲበተን፣ ወረቀት ሲነቃቀል፣ እሱ አሁንም ቧንቧውን እንደጨበጠ ነው፤ ልቀቅ ያለው የለም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል እሱም አብሮ ዘንበል ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ጾሙን የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዳግማዊት ከትምኒት ጋር ጠረጴዛ ስታነሣ ቆየችና መጣች። እጁን ጠምዝዛ ሰዓቱን አየች። ክዳኑን ከፈተች፤ ድንቹን በደብተር ወረቀት ጠቅልላ አወጣችው።

«ባባ፣ ዘጠኝ ሞልቷል» አለችው። «እንካ፣ ብላ።»

ድንቹ ይፋጅ ነበር። ይበልጣል ቧንቧውን ለቆ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጠ ያዘው፤ ቀዝቀዝ ሲልም አማትቦ ጎረሰ።